ባለ አንድ ዓይኗን ውሰዳት

የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ ስለ ቤት እንስሳት

ድሬዳዋና በዙሪያዋ ባሉ የገጠር ቀበሌዎች 31 ዓመት በእንስሳት ጤና ረዳትነት ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት በብዛት ከፍየል፣ ከከብትና ከግመል ጋር ነው፤ ውሻ ግን ከቤቴ ጠፍቶ አያውቅም። በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሦስቱን መርጫለሁ። የመጀመሪያው ረዘም ያለ መልስ ስለሚፈልግ ሰፋ አድርጌ ጽፌበታለሁ።

ጥያቄ

«ጤና ይስጥልኝ እህቴ። እንደ ድሬ ልማድ አንቺ ብዬ ብጽፍልሽ ቅር አይበልሽ። ዕድሜዬ 69 ነው፤ ከድሮው ባቡር ጡረታ ከወጣሁ ቆይቻለሁ። የባለቤቴን ሁለተኛ ሙት ዓመት በቅርቡ አስበናል። ልጆቼ አንዷ ጅቡቲ፣ አንዱ አዲስ አበባ ናቸው። ከዚራ አንድ ግቢ ውስጥ ከሁለት ሙስሊም ጎረቤቶች ጋር እኖራለሁ፤ 30 ዓመት አብረን ስለኖርን ከዘመድ እንበልጣለን። ማታ ቤቱ ጭር ሲል ግን ይከብደኛል። ሳቢያን አካባቢ የተጣሉ ውሾችን እያነሱ ግቢያቸው የሚያስጠጉ አንድ ሴት አሉ፤ ሄጄ አየሁ። ለእኔ ያሰቡልኝ አንዲት ትንሽ ሴት ውሻ ናት። ነጭና ቡናማ ናት፣ ከአምስት ኪሎ አትበልጥም፣ ግራ ዓይኗ ደመና ለብሷል፤ ሰባት ዓመት ገደማ ይሆናታል አሉኝ። እኔን ስታይ ከውሃ በርሜል ኋላ ገብታ አጉረመረመችብኝ። ልጄ ደግሞ 'አባዬ፣ ያረጀ ውሻ ምን ያደርግልሃል? ከአዲስ አበባ ጸጉራም ቡችላ ገዝቼ አመጣልሃለሁ' ይላል። የቱ ይሻለኛል? ሙቀቱንስ ትችለዋለች? ጎረቤቶቼን ሳላስቀይም ውሻ ማኖር እችላለሁ? ምን ላብላት? ጡረተኛው፣ ከከዚራ»

መልስ

ጋሼ፣ ያቺን ባለ አንድ ዓይኗን ውሰዳት።

ልጅህ የሚናገረው ከፍቅር ስለሆነ አልፈርድበትም። ቡችላ ግን ሕፃን ነው። ቀን በየሁለት ሦስት ሰዓቱ፣ ሌሊትም ቢያንስ አንዴ ደጅ ታወጣዋለህ። ያገኘውን ሁሉ ያኝካል። ክትባቱን ሳይጨርስ ፓርቮ የሚሉት ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ከያዘው በጥቂት ቀን ውስጥ ሊቀጠፍ ይችላል። ይህን ሁሉ አልፎ ቢያድግልህም ትንንሽ ውሾች 13 እና 14 ዓመት መኖር አይከብዳቸውም፤ ያኔ አንተ 83 ሆነሃል። ሰባት ዓመት የሞላት ውሻ ግን ጠባይዋ የታወቀ ነው። ብዙ ትጮህ እንደሆነ፣ ቤት ታበላሽ እንደሆነ፣ ከድመትና ከሕፃን ጋር እንዴት እንደሆነች እኚያን ሴት ዛሬውኑ ጠይቀህ ማወቅ ትችላለህ። ገና አምስት ስድስት ዓመት ልትኖርልህም ትችላለች።

ከበርሜሉ ኋላ ሆና ማጉረምረሟን እንደ ክፋት አትቁጠርባት። ውሻ ሲያጉረመርም እየተናገረ ነው፤ «ፈርቻለሁ፣ ራቅ በልልኝ» ማለቱ ነው። እኔ የምፈራው ድምፅ ሳያሰማ የሚነክሰውን ነው። በሥራ ላይ ሁለት ውሾች ነክሰውኛል። ሁለቱም ባጉረመረሙ ቁጥር ሲደበደቡ የኖሩ ነበሩ፤ ማስጠንቀቁን ዱላ አስትቷቸዋል። ያንተዋ አስጠንቅቃ ቆመች እንጂ ዘልላ አልያዘችህም። መንገድ ላይ የኖረች አምስት ኪሎ የማትሞላ እንስሳ ስንት ድንጋይ እንደተወረወረባት አስበው። ያ ዓይኗም በደህና ቀን የጠፋ አይመስለኝም።

ስለዚህ ከመውሰድህ በፊት ሦስት ጊዜ ያህል ሂድና ጎብኛት። በርጩማ ላይ ጎንህን ሰጥተህ ተቀመጥ፤ ፊት ለፊት ቆመህ ዓይን ዓይኗን አትያት፣ ለውሻ ይህ ጠብ መፈለግ ነው። የተቀቀለ ሥጋ በትንንሹ ቆርጠህ ያዝና ወደ እሷ አቅጣጫ መሬት ላይ ጣል አድርግላት። በእጅህ ካላጎረስኩ አትበል። ሁልጊዜ በደህናው ዓይኗ በኩል፣ በቀኝ በኩል ቅረባት፤ ቤትህ ከገባች በኋላም ቢሆን በማታይበት ወገን ድንገት አትንካት፣ ማንም ይደነግጣል። ሴትዮዋን ሦስት ነገር ጠይቃቸው፦ የእብደት በሽታ ክትባት መቼ ተከተበች፣ ካርድስ አላት፣ እንዳትወልድ ተመክናለች ወይስ አልተመከነችም። ካልተመከነች ወንድ በምትፈልግበት ሰሞን የከዚራ ውሻ ሁሉ በርህ ላይ ያድራል። ይህን ቀዶ ጥገና የሚሠራ ሐኪም ድሬ ላይ ካጣህ ወደ ሐረር መንገድ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ስላለው እዚያ ጠይቅ። ዓይኗንም ሐኪም ይይላት። የቆየ ጠባሳ ብቻ ከሆነ አያማትም፤ የሚቀላ፣ የሚያለቅስና በእግሯ የምታሸው ከሆነ ግን ሕመም አለውና ሕክምና ይፈልጋል።

ስታመጣት ባጃጅ ውስጥ አቅፈህ ብቻ እንዳትቀመጥ። ይህን የምልህ በራሴ ስለደረሰ ነው። ውሻዬን ሎሚን ያነሳኋት ቀፊራ ገበያ፣ አንዲት ነጋዴ ሎሚ ከምታፈስበት ጆንያ ሥር ተኝታ ነው፤ ስሟም ከዚያ ወጣ። ጭኔ ላይ አስቀምጬ ወደ ቤት ስንሄድ የደቻቱ ድልድይ ላይ አንድ ሲኖትራክ ጥሩምባውን ለቀቀው። ባጃጅ በር የለው! ከእጄ አምልጣ ዘለለች፤ በድልድዩ ጫፍ ዞራ ወደ ወንዙ ወረደች። ደቻቱ ደረቅ ነበር፣ አሸዋ ብቻ። ግን ሐምሌ ነው፣ ደንገጎ ተራራ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል፤ በ1998 ክረምት ያ ወንዝ ሌሊት በጎርፍ ሞልቶ መጥቶ ያደረገንን የማያስታውስ የድሬ ሰው የለም። ጫማዬን በእጄ ይዤ አሸዋው ላይ እየተንበረከኩ እስከ መግሪብ ፈለግኳት። ያገኘኋት ግንቡ ሥር፣ የተጣለ ጎማ ውስጥ ተጠቅልላ ነው። ስለዚህ አንተ ክዳን ያለው ጠንካራ ካርቶን ወይም ቅርጫት አዘጋጅ፤ አየር እንዲገባው ጎን ጎኑን ብሳ፣ በገመድ እሰረው። ትተኛበት የነበረውን ጨርቅ ሳይታጠብ ለምናቸውና አብራት ይሂድ። ለአንተ ሊሸትህ ይችላል፤ ለእሷ ግን የምታውቀው ነገር እሱ ብቻ ነው።

ቤት ስትገባ አልጋ ሥር ትገባለች። ተዋት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ውሻዋን ከመንገድ አንስቼ፣ አብልቼ፣ ጥላ ሰጥቼ እንዴት ትሸሸኛለች ብሎ ይከፋዋል፤ በመጥረጊያ እየገፋ ያወጣታል፣ ዘመድ ጠርቶ ያሳያል፣ እየጎተተ ያቅፋታል። በሦስተኛው ሳምንት «ይቺ ውሻ ሰው አትወድም» ብሎ ይመልሳታል። እንዲህ ሁለቴ የተመለሰ ውሻ አይቻለሁ፤ ሁለተኛው ጊዜ አንገቱን እንኳ አያነሳም ነበር። ሎሚ አልጋዬ ሥር 11 ቀን ኖራለች። የምትበላው መብራት ሳጠፋ ነበር፤ ጨለማው ውስጥ ሳህኑ ሲንኳኳ ሰምቼ ትንፋሼን እይዛለሁ። በ12ኛው ቀን ጠዋት ቡና እየቆላሁ ሳለ አንድ ሞቅ ያለ ነገር እግሬ ላይ አረፈ። ዝቅ ብዬ ሳይ አገጯን ነጠላ ጫማዬ ላይ አሳርፋለች፣ ዓይኗ በር በሩን ያያል። አልነካኋትም። ቡናው አረረ፤ አልተነሳሁም።

ያንተዋ ከዚያ ልትፈጥንም ልትዘገይም ትችላለች። ሥራህ አንድ ነው፦ ቀንህን አንድ ዓይነት አድርገው። ምግቧ ጠዋት 1 ሰዓትና ማታ 12 ሰዓት ከሆነ ሁልጊዜ ያን ሰዓት ይሁን። ሳህኗ ቦታ አይቀይር። ሬዲዮ ትሰማ እንደሆን ስማ፣ ጋዜጣ ታነብ እንደሆን ጮክ ብለህ አንብብ፤ ድምፅህን ትልመደው። መጀመሪያ ሰሞን የግቢው በር ክፍት እንዳይሆን ተጠንቀቅ፤ አዲስ ቤት የገባ ውሻ የሚጠፋው በእነዚያ ቀናት ነው። ስልክ ቁጥርህ የተጻፈበት የአንገት ማሰሪያ ከመጀመሪያዋ ሰዓት ጀምሮ አይውለቅ። ያለ ባለቤት ለሚንከራተቱ ውሾች የተመረዘ ሥጋ የሚጣልበት ሌሊት አለ፤ መርዙ ደግሞ ባለቤት ያለውንና የሌለውን አይለይም። ስለዚህ ብቻዋን ደጅ አትውጣ፤ ስትወጣም በገመድ ትሁን።

ስለ ጎረቤቶችህ ያነሳኸው ነገር ልቤን ነካው፤ ከወሰድክ በኋላ ሳይሆን ሳትወስድ ማሰብህ ትክክል ነው። ውሻዋ ከመምጣቷ በፊት ቡና አፍላና ንገራቸው፤ ፈቃድ እንደምትጠይቅ ሆነህ እንጂ እንደምታስታውቅ ሆነህ አይሁን። በእኛ አካባቢ ሙስሊሞች በብዛት በሚከተሉት በሻፊዒ የሕግ መንገድ የውሻ ምራቅ የነካው ዕቃ ሰባት ጊዜ ይታጠባል፣ አንዱ በአፈር። ይህ በቀላሉ የሚታይ ነገር አይደለም። ስለዚህ ውዱእ የሚያደርጉበት ቧንቧ አጠገብ አትደርስም፣ መስገጃ የሚዘረጋበት በረንዳ ላይ አትወጣም፣ ውሃዋ ከጋራው በርሜል በጋራው ጣሳ አይቀዳም፣ ልብስ የሚሰጣበት ገመድ ሥር አታልፍም። ለእሷ የተለየ ሳህን፣ የተለየ ጣሳ፣ የተለየ መጥረጊያ ግዛ። በር በርህ ላይ ትቆይ። እኛስ ብንሆን ውሻ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር እናስገባለን እንዴ? የሌላውን ንጽሕና ማክበር ለእኛ አዲስ አይደለም። የእነሱም ሃይማኖት ለእንስሳ መራራትን ያስተምራል፤ ለተጠማ ውሻ በጫማው ውሃ ቀድቶ ያጠጣው ሰው ምሕረት እንዳገኘ የሚናገረውን ሐዲስ ጎረቤቶችህ ከእኔ በላይ ያውቁታል። ልጆቻቸው ቢነኳት ግን አንተ ከአጠገባቸው ሁን፤ ሕፃንና አዲስ ውሻ ብቻቸውን አይተዉም።

ምግብን በተመለከተ አንድ ነገር አደራ፦ ወጥ አትስጣት። አበሻ ቤት ውሻ የሚኖረው በትርፍራፊ ነው፤ የእኛ ወጥ ደግሞ መሠረቱ ሽንኩርት ነው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፣ ጥሬም ይሁን የተቁላላ፣ የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል። አምስት ኪሎ ለምትመዝን ውሻ 75 ግራም ሽንኩርት፣ ማለትም አንድ ትንሽ ራስ፣ ለጉዳት ይበቃል። ዕለቱን ምንም አይታይም። ከጥቂት ቀን በኋላ ድዷ ይነጣል፣ ሽንቷ ይጠቁራል፣ ደረጃ መውጣት ያቅታታል። ሰው «ምች መታት» ይላል። እኔም ወጣት ሆኜ፣ ገና ሥራ ሳልጀምር፣ እናቴ ቤት የነበረችውን ቡቺ በዶሮ ወጥ መረቅ ያራስኩት እንጀራ እያበላሁ ገድያታለሁ። በፋሲካ ማግስት ነበር። ምን እንደገደላት የገባኝ ከዓመታት በኋላ ሥልጠና ላይ ስቀመጥ ነው፤ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ለብቻዋ ቀቅልላት፦ ሩዝ፣ ትንሽ ሥጋ ወይም የዶሮ ሥጋ አጥንቱ ወጥቶ፣ ዱባ ወይም ካሮት። ጨው የለ፣ በርበሬ የለ። የበሰለ የዶሮ አጥንት እንደ መርፌ ይሰነጠቃል፣ አንጀት ይበሳል። ዘቢብና ቸኮላትም ለውሻ መርዝ ናቸው። ጥሬ ሳንባና ጉበት ከሥጋ ቤት በነጻ ቢሰጡህም አትቀበል፤ በእሱ በኩል ውሻዋ ሆድ የሚገባ ትል እንቁላሉ ከእሷ ወደ ሰው ተላልፎ ጉበትና ሳንባ ላይ ውሃ የቋጠረ ዕጢ ያበቅላል። ጾም ሲመጣ ደግሞ ጾሙ ያንተ እንጂ የእሷ አይደለም። 55 ቀን ሽሮ ስታበላት ከርመህ ለምን ከሳች አትበል፤ ሽሮውም ውስጥ ያው ሽንኩርት አለ። እንቁላል ቀቅልላት፣ እጅህን ታጠብ፣ አለቀ። ግቢ ውስጥ የሚቅም ሰው ካለም ገረባውን መሬት ላይ እንዳይጥል ለምነው። ጫት ልብ ያፈጥናል፤ ለዚህች ለምታህል አካል አደጋ ነው።

ሙቀቱን በተመለከተ ይቺ የድሬ ልጅ ናት፣ ከአንተ ባላነሰ ታውቀዋለች። ከአዲስ አበባ የሚመጣው ጸጉራም ቡችላ ግን፣ በተለይ አፍንጫው የተደፈጠጠ ዓይነት ከሆነ፣ ግንቦትና ሰኔን ከዚህ እንዴት እንደሚያልፍ አላውቅም። ውሻ እንደ ሰው በገላው አያልበውም፤ የሚበርደው ምላሱን አውጥቶ በማለክለክ ነው፣ ለዚህም ረዘም ያለ አፍንጫ ይጠቅማል። ቢሆንም ጥንቃቄው ለእሷም ይሠራል። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ፣ ማታ ደግሞ ፀሐይ ከገባች በኋላ አውጣት። የእጅህን ጀርባ አስፋልቱ ላይ አድርግና እስከ ሰባት ቁጠር፤ ካልቻልክ የእሷም መዳፍ አይችልም። ከዚራ ዛፍ ስላላት ዕድለኛ ነህ፣ ጥላ ጥላውን ሂዱ። ድሬ ሁሉ በሩን ዘግቶ በሚተኛበት በቀትር ሰዓት እሷም ሲሚንቶው ላይ ሆዷን ዘርግታ ትተኛ፤ ቬንቲሌተሩ ከአንተ ጋር ይድረሳት። ድንገት አብዝታ ካለከለከች፣ ድዷ ደም ከመሰለ፣ ከተንገዳገደች፣ ሆዷንና እግሮቿን በቧንቧ ውሃ አርጥበህ አራግብላትና ወደ ሐኪም ሩጥ። በረዶ አታድርግባት።

መዥገር በድሬ ሙቀት ዓመቱን ሙሉ አይጠፋም። ማታ ማታ ጆሮዋን ውስጡን፣ አንገቷን፣ የእግር ጣቶቿን መሃል በጣትህ ዳብስ። በወረንጦ ከቆዳው አስጠግተህ ይዘህ ቀጥ አድርገህ ሳብ፤ በጋዝና በክብሪት የሚያስለቅቁትን አትስማ። የትል መድኃኒት በየሦስት ወሩ፣ የእብደት ክትባት በየዓመቱ።

አንድ ነገር ቀረኝ፤ ሳትቆጣ ስማኝ። አንተ ብትታመም፣ ወይ ልጅህ ጅቡቲ ብትወስድህ፣ ይቺ ውሻ ለማን ናት? ዛሬ ከመውሰድህ በፊት ይህን ለልጅህ ለአዲስ አበባው ጠይቀው። ቡችላ ሊገዛልህ የተዘጋጀ ልጅ ይህን እምቢ አይልም። «አባዬ ከሌለ እኔ እወስዳታለሁ» ካለህ ለቡችላው ያሰበውን ብር ለሐኪሟና ለመድኃኒቷ ይላክልህ። እምቢ ካለም ለእኚያ ለሳቢያኗ ሴት በግልጽ ንገራቸው፤ ያኔ መልሰው እንደሚቀበሏት ወይም ሌላ ሰው እንደሚፈልጉላት አሁኑኑ ተነጋገሩ። አንዴ የተጣለች እንስሳ ናትና ሁለተኛ መንገድ ላይ አትውጣ። ስም ስታወጣላት ጻፍልኝ።

ጥያቄ

«የዘጠኝ ዓመት ልጄ ከመንገድ አንስቶ ያመጣት ቡችላ ስትጫወት እጁን ነክሳ ትንሽ ደም ወጣው። ጎረቤቶቼ 'ወተት ጥርስ ነው፣ ቡችላ አያብድም' ይላሉ። ትናንት ማታ ነው። እናት፣ ከሳቢያን»

መልስ

እናቴ፣ ይህን ደብዳቤ እንደደረሰኝ በስልክ መልሼልሻለሁ፤ እዚህ የማትመው ለሌላው ነው። ቡችላም ያብዳል። ክትባቱ ከሦስት ወር ጀምሮ ስለሚሰጥ ያልተከተበ ትንሽ ቡችላ እንዲያውም መከላከያ የለውም። በዓለም ላይ በዚህ በሽታ ከሚያዙ ሰዎች ከ100ው 99ኙን የሚያስይዛቸው ውሻ ነው፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ ደግሞ የሚያድን መድኃኒት የለም። ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ ሙሉ እጠቢው፣ ሰዓት እያየሽ፤ 15 ደቂቃ ረጅም ነው። ከዚያ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል። ክትባቱ በተለያዩ ቀናት የሚሰጥ ስለሆነ አንዱንም አታስቀሪ። ጸበሉም ዱዓውም ከመርፌው ጋር ይሁን እንጂ በመርፌው ፋንታ አይሁን። ቡችላዋን አትግደሉ፣ አትጣሉም፤ አስራችሁ እየመገባችሁ 10 ቀን ተመልከቷት። በእነዚህ ቀናት ከታመመች ወይም ከሞተች ለሐኪሙ ንገሪ። እ.ኤ.አ. በ1885 ፓስተር ይህን ክትባት መጀመሪያ የሰጠው ልጅም የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር፤ ድኗል። ልጅሽን ግን ስላመጣት አትቆጪው። ከተቆጣሽው ቀጣዩን ንክሻ ይደብቅሻል።

ጥያቄ

«ሐረር ጀጎል ውስጥ አንድ የቆየ ቤት ተከራይተን እንኖራለን። ከመንገድ ያነሳሁት ትንሽ ወንድ ውሻ አለኝ፤ ወር ሆነው። ሌሊት ጅብ በበራችን ሲያልፍ ይንቀጠቀጣል፣ አንዳንዴ ሽንቱን ይለቃል። ባለቤቴ 'የውሻ ማደሪያ ደጅ ነው፤ የሐረር ጅብ ሰው የለመደ ነው፣ ምንም አያደርገውም' ይለኛል። እውነት ነው? ከጀጎል»

መልስ

እህቴ፣ እውነት አይደለም፤ ደጅ አታሳድሪው።

የሐረር ጅብ የለመደው ሰውን ነው። ከግንቡ ውጭ ማታ ማታ ሥጋ በእንጨት ላይ ተደርጎ ሲሰጠው የሚቀበል ነው፣ በአሹራ በዓል ገንፎ የሚቀርብለት ነው፤ ከተማው ለዘመናት ከእሱ ጋር ተስማምቶ የኖረበት መንገድ በጣም ያኮራኛል። ይህ ስምምነት ግን ውሻን አይጨምርም። ጅብና ውሻ የቆዩ ጠላቶች ናቸው። አንድ ያደገ ጅብ ከ45 እስከ 70 ኪሎ ይመዝናል፤ ያንቺው ስንት ኪሎ ነው? በግንቡ ሥር በተተዉት ቀዳዳዎችና በጠባቡ መንገድ ሲገባ ድምፅ አያሰማም። ትልልቅ የሰፈር ውሾች እንኳ በመንጋ ሆነው ነው የሚጮሁበት። ጅብ ራሱም በእብደት በሽታ ሊያዝ ስለሚችል አንዲት ጭረት ብቻ ለውሻሽም ለእናንተም አደጋ ናት።

መንቀጥቀጡ ፍርሃት ነው፤ የሚፈራው ደግሞ የሚፈራ ነገር ነው። መንገድ ላይ ሲያድር ምን እንዳየ አናውቅም። ከበሩ የራቀ ጥግ ላይ ካርቶን አኑሪለት፤ አፉ ወደ ግድግዳ ዞሮ፣ ከላይ ያረጀ ጋቢ ተጥሎበት፣ ዋሻ ይምሰል። ነደባው ላይ ግን አታስተኚው፤ ነደባ የእንግዳና የሽማግሌ መቀመጫ ነው፣ አከራዮችሽ ቢያዩ ያዝናሉ፣ እውነታቸውንም ነው። እራቱን በጊዜ ስጪው፣ ከመግሪብ በፊት በገመድ ይዘሽው ወጥተሽ ሽንቱን ይጨርስ፣ ከዚያ በሩ ይዘጋ። ሌሊት ካስቸገረው መታጠቢያ ቤት ጥግ ላይ ሰፋ ባለ ሳፋ አሸዋ አድርጊለት። ከሥጋ የተረፈ አጥንት በራችሁ ላይ አትጣሉ፤ ጅቡን የምትጠሩት እናንተ ናችሁ።

ጅቡ ሲያልፍና ሲንቀጠቀጥ አትቆጪው፣ ጎትተሽም አታውጪው። ከአጠገቡ ተቀመጪ፤ ቀረብ ካለሽ እጅሽን ደረቱ ላይ አድርጊለት። እንዲህ ማድረግ ፍርሃቱን ያባብሰዋል የሚሉሽን አትመኛቸው፤ ፍርሃት በማባበል አይጠነክርም። ሽንቱን የለቀቀበትን ቦታ በውሃ በተቀላቀለ አቼቶ እጠቢው፤ ሽታው ካልጠፋ ተመልሶ እዚያው ይሸናል። ይህን ገጽ ለባለቤትሽ አንብቢለት። የሚለው ነገር ካለው እሱም ይጻፍልኝ፤ በሚቀጥለው ወር እመልስለታለሁ።